ከኮርኒሱ በላይ የተንጠለጠለው ዳዊት

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኩም፤ ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። በየጾሙ መግቢያ ከፊታቸው ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን ስዘረዝር ኖርኩ፤ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ በእንቅልፍ ያሳለፍኩትን ኪዳን። ያንን ብቻ እየዘለልኩ። የዘለልኩት ስለረሳሁት እንዳይመስላችሁ። ስለ መርሳት ኋላ እመጣበታለሁ።

አስካለ እባላለሁ። በልብስ ስፌት ነው የኖርኩት። መስመሩ ክር ታህል ቢዛነፍብኝ ፈትቼ ከመጀመሪያው የምጀምር ሴት ነኝ። አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። የሰው ልጆች ከሩቅ አገር እየመጡ ከእግራቸው ሥር ሲማሩ፣ እኔ ልጃቸው ከጓዳ ሆኜ በጆሮዬ የደረሰውን ብቻ ለቀምኩ። ፊደል የቆጠርኩት ባል አግብቼ ከፈታሁ በኋላ ነው። ጣሊያን ወጥቶ ትምህርት ቤቱ እንደገና ሲከፈት፣ ልጆቼ ሊሆኑ ከሚችሉ ሕፃናት ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ሳቁብኝ፤ ቻልኩት። ዘግይቶ ያገኘ ሰው አጥብቆ ይይዛል። እኔም ያነበብኩትን ሁሉ እንደ ሕግ ያዝኩ፤ ሌላውንም በግድ አስያዝኩ። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ያደረግኩት ነገር ያለማወቅ ሥራ እንዳልነበረ አስቀድማችሁ እንድታውቁት ነው።

የምንኖረው ጎንደር፣ አራዳ፣ ከፒያሳ ጀርባ ነበር። ቤቱን ጣሊያን ለሹሙ የሠራው ነው፤ የድንጋይ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣራ፣ የጣውላ ኮርኒስ። ከጣሊያን በኋላ ለእሜት ላቀች ደረሳቸው፤ እሳቸውም ክፍል ክፍሉን አከራዩት። ክፍሎቹ ሁሉ በአንድ ረጅም መተላለፊያ ይገናኛሉ። በመተላለፊያው ጫፍ፣ ኮርኒሱ ላይ፣ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለ። የእንጨት ክዳኑን ገፍቶ በመሰላል የወጣ ሰው ከኮርኒሱና ከቆርቆሮው መካከል ይገባል። የቤቱ የመብራት ሽቦ ሁሉ የሚያልፈው በዚያ ነው።

አንድ ዓመት በበጋው መጨረሻ የመብራቱ ሠራተኛ መጣና ያንን ሽቦ አየ። ጣሊያን የዘረጋው ነው፤ የተጠቀለለበት ልብስ እያረጀ ነው፤ ተጠንቀቁ አለ። የታተመ የደንብ ወረቀትም ለእሜት ላቀች ትቶ ሄደ። ይህን ያልጠበቀ ቤት መብራቱ ይቆረጥበታል ብሎ። እሜት ላቀች ፊደል ስለማይለዩ ወረቀቱን ለእኔ ሰጡኝ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ተከራዩ ሁሉ በግቢው ተሰብስቦ፣ ቆሜ አነበብኩላቸው። እንዴት ያለ ደስታ ተሰማኝ መሰላችሁ! የአባቴን ወንበር የወረስኩ መሰለኝ።

ደንቡ እንዲህ ይላል። ሽቦው በነጫጭ የሸክላ እንክብሎች ላይ ተወጥሮ ከእንጨቱ ርቆ ይሂድ። በአጠገቡ እህል፣ ጭድ፣ ልብስ አይከማች። በመውጫው ዙሪያ፣ የሚወጣ ሰው እጁን በሚያሳርፍበት በኩል፣ ሽቦው በጣውላ ይከለል። መውጫው የሰው ትከሻ የሚያሳልፍ ይሁን፤ ክዳኑ አይቸንከር፤ ከሥሩ ዕቃ አይደርደር፤ የሚያስፈልግ ጊዜ ሰው ሳይቸገር ይውጣበት። በመጨረሻም፣ በሽቦውም ሆነ ሽቦውን በያዘው ሸክላ ላይ ምንም ነገር አይንጠልጠል።

«ምንም ነገር» የሚለውን ደግሜ አነበብኩት። ቃሉን ጫን ብዬ።

«ምነው የኔታ» አለ አያ ካሴ ከወደ ኋላ፤ «የመንግሥተ ሰማያት መግቢያ እንኳ ይህን ያህል ሥርዓት አለው እንዴ?»

ግቢው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

አያ ካሴ ከእኔ ቀጥሎ ባለው ክፍል ይኖር ነበር። ከዛሪማ በላይ ካለው ደጋ የመጣ ገበሬ ነው። ሚስቱ ሞታበት፣ ውዴ የምትባል አንዲት ሴት ልጁን ላስተምር ብሎ መሬቱን ለወንድሙ አደራ ሰጥቶ ጎንደር ገባ። ፒያሳ አንድ የነጋዴ መጋዘን በዘበኝነት ይጠብቃል። የኔታ የሚል ስም ያወጣልኝ እሱ ነው። ሴት የኔታ ማን አይቶ ያውቃል? ሲጀምር ሊያሾፍብኝ ነበር፤ ውዴን ማታ ማታ ማስጠናት ከጀመርኩ ወዲህ ግን ቀልዱ ቀስ ብሎ ጠፋና ክብሩ ብቻ ቀረ። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ሆኖም «አንቱ» እያለ ነበር የሚያናግረኝ።

ውዴ ጎበዝ ነበረች። የዓመቱን ትምህርት ከዓመቱ በፊት የምትጨርስ። እሷን ሳይ ያጣሁትን ዕድሜ አያለሁ። አባቷ፣ «ይቺ ልጅ ሰው ከሆነች እኔ መሬቴን ዘንግቼ መቅረቴ ምንም አይደል» ይል ነበር። ይህንን ያዙልኝ። ሁሉ ነገር የተንጠለጠለው በዚህ ነው።

አያ ካሴ የዘር ገብሱን ከኮርኒሱ በላይ ነበር የሚያስቀምጠው። ለምን እህሉን ከአገሩ አምጥቶ እዚህ እንደሚያኖር ብጠይቀው፣ «ወንድሜ ሸጋ ሰው ነው፤ ክረምት ሲደርስ ግን ዘር ይበላል» አለኝ። በነሱ አገር ዘር ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ ይቀመጣል። ጭስ ያልጠጣ ዘር ነቀዝ ይጨርሰዋል ይላሉ። እዚህ ጭስ ባይኖርም ሽቦው ያሞቀዋል ብሎ ጆንያዎቹን ሽቦው ሥር ደርድሮ ነበር።

ወረቀቱን ባነበብኩ በማግስቱ በሩ ላይ ቆምኩበት። ሽቦ ምድጃ አይደለም አልኩት። ወረቀቱን አሳየሁት፣ ማንበብ እንደማይችል እያወቅሁ። አልተከራከረኝም። ሰኔ መግባቱ ነው፤ የዘር ጊዜም ደርሷል፤ በዕቃ ማኪና ወደ አገሬ እሰደዋለሁ አለ። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት መሰላሉን ውዴ ያዘችለትና ገብሱን አወረደው። ከሥር ቆሜ ነበር። አቧራው ነጠላዬን አለበሰው። ወለሉን ጥረገው አልኩት፤ ጠረገው። ደህና አድርገህ ጥረገው አልኩት።

«የኔታ፣ ካልታመንኩ ወጥተው ይዩት» አለኝ እየሳቀ።

ወጣሁ። ቀሚሴን ሰብስቤ፣ ውዴ መሰላሉን እንደያዘችልኝ፣ አንገቴን በቀዳዳው አስገብቼ አየሁ። ንጹሕ ነበር። አንድም ጆንያ አልቀረም። በጣውላው ስንጥቅ ውስጥ ጥቂት ፍሬ ከመቅረቱ በቀር ምንም አልነበረም። አየሁ። በዚህች ዓይኔ አየሁ።

ያን ጊዜ ሌላም ነገር አየሁ። ቦታው ደረቅ ነበር፣ ጸጥ ያለ፣ ከቆርቆሮው በሚወርድ ሙቀት የሞቀ። ነጫጮቹ ሸክላዎች በወራጁ ላይ ተራ በተራ ተተክለው፣ በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ግድግዳ ላይ መጽሐፍ የሚሰቀልባቸውን የእንጨት ኩላቦች መሰሉኝ።

አባቴ የተዉልኝ አንድ የብራና ዳዊት ነበረ፣ ከነማኅደሩ። በቤታችን ልማድ መጽሐፍ መሬት አይነካም፤ ሣጥን ውስጥም አይታፈንም። በቆዳ ማኅደሩ ሆኖ በማንገቻው ከፍ ካለ ቦታ ይሰቀላል፣ አይጥ እንዳይደርስበት፣ እግር እንዳያልፍበት። የኔ ክፍል ግድግዳ ግን ክረምት ክረምት ያልባል። ዝናቡ በርትቶ በገባ ጊዜ ብራናው እንደ ረጠበ ቆዳ ያብጥ ጀመር፤ ጠርዙንም አረንጓዴ ሻጋታ ያዘው። በየቀኑ በሻሽ እጠርገዋለሁ፤ በነጋታው እዚያው ነው። የአባቴ እጅ የነካው ነገር በእጄ ሲበሰብስ ማየት አልቻልኩም።

አንድ የገበያ ቀን ቤቱ ባዶ ሲሆን ወጥቼ ዳዊቱን ሰቀልኩት። የት? ከመውጫው ሆኜ እጄን ስዘረጋ በምደርስበት፣ የመጀመሪያው ሸክላ ላይ።

ምስማር መምታት እችል ነበር። ወራጁ ጠንካራ እንጨት ነው፤ መዶሻም ነበረኝ። ያልመታሁት ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የመዶሻ ድምፅ ይሰማል። እሜት ላቀች ከጓዳቸው ሆነው ይሰሙና፣ ሰውን ሁሉ ከኮርኒሱ በላይ ምንም አይቀመጥ ስትል የከረመችው አስካለ ምን ትሠራለች ይላሉ። ለድምፅ ስል ነው። ደግሞስ ደንቡ ለሽንኩርት ጉንጉንና ለበርበሬ ዛላ እንጂ ለዳዊት ወጥቷል? እንዲህ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። አያ ካሴ ያጠፋው ሳያውቅ ነበር፤ ሲነገረው አረመ። እኔ «ምንም ነገር» የሚለውን ደግሜ ያነበብኩ ሴት ነኝ።

በየጥቂት ቀኑ፣ ሰው በሌለ ጊዜ፣ አወርደዋለሁ፣ እጸልይበታለሁ፣ እመልሰዋለሁ። ዳዊት ከነማኅደሩ ከባድ ነው። ነሐሴ ላይ ሸክላው ከቦታው ላላ እንዳለ በእጄ ታወቀኝ። ሽቦውም ረግቦ ወደ እንጨቱ ተጠግቷል። አየሁት። በፍልሰታ ጾም ነው፤ ጾሙ ሲፈታ ቦታ ፈልጌ አወርደዋለሁ አልኩ። ሸክላውን በእጄ ገፋ አድርጌ፣ ያንኑ ማኅደር እዚያው ላይ መልሼ ሰቀልኩት።

እሳቱ የተነሣው ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው። አመሻሽ ላይ ነበር፤ የከተማው መብራት ገና መምጣቱ። አምፖሉ ድርግም ብርት አለና ጠፋ። የሚቃጠል ጨርቅ ሸተተኝ። ከየት እንደሆነ ለማወቅ ቀና ማለት አላስፈለገኝም።

አያ ካሴ ወደ ዘበኝነቱ ሊወጣ ካፖርቱን እየደረበ ነበር። በመውጫው ክዳን ዙሪያ ጭሱን ሲያይ ካፖርቱን ጣለ፤ ጋቢውን እንስራ ውስጥ ነከረ፤ መሰላሉን አስደግፎ ወጣ። እሜት ላቀች ቆጣሪው ጋ ሮጠው መብራቱን የሚያቋርጠውን ባልቦላ ነቀሉ። መውጫው አልተቸነከረም፤ ከሥሩም ዕቃ አልነበረም፤ እኔ በየቀኑ እየተቆጣጠርኩ ያስጠበቅሁት ደንብ ነው። በዚያ ገብቶ እሳቱን በእርጥቡ ጋቢ አፍኖ ቤቱን አዳነ። ጣራው በአንድ በኩል ጠቁሮ፣ ጥቂት ወራጅ ከስሎ ቀረ። አያ ካሴ ሲወርድ ግራ እጁ ተልጦ ነበር። በቀኙ ማኅደሩን አቅፏል።

«የኔታ፣ ዳዊትዎ» አለኝ። «መውጫው አፍ ላይ ወድቆ አገኘሁት።»

ማንገቻው ተቃጥሎ ተበጥሷል። የማኅደሩ ቆዳ በአንድ ጎኑ ተኮማትሯል። ብራናው ግን ከጠርዙ በቀር ደህና ነበር። እሜት ላቀች እልል አሉ። ዙሪያው ነድዶ መጽሐፉ ተረፈ፤ ቤቱን ያዳነው እሱ ነው አሉ። አንሥተው ሳሙት። ተከራዩ ሁሉ ተራ በተራ ሳመው። አስካለ ለበረከት ብላ ከፍ ካለ ቦታ አኑራው ነው እንጂ ምን ይውጠን ነበር ተባለ። አያ ካሴም በተላጠ እጁ ነካና ተሳለመ። ቤቱን ያነደደውን ነገር ሲስሙት ቆሜ አየሁ። እኔም ሳምኩት።

በማግስቱ የመብራቱ ሠራተኛ ወጥቶ አየ። ሲወርድ በመዳፉ የከሰሉ የገብስ ፍሬዎች ይዟል። አንዱን ሸክላ ከባድ ነገር ነቅሎታል፤ ሽቦው ከእንጨቱ ጋር ሲፋተግ ልብሱ አልቆ ነው እሳት የጫረው አለ። እህል ተደግፎበት ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ወደ አያ ካሴ ዞረ።

ከሰዓት በኋላ በግቢው ሽምግልና ተቀመጠ። መምሬ፣ የግቢው ሁሉ ነፍስ አባት፣ የኔም ነፍስ አባት፣ መካከል ላይ ተቀመጡ። የመጋዘኑ ባለቤት ነጋዴም የዘበኛውን ነገር ልስማ ብሎ መጣ። አያ ካሴ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ቆመ። አልፈራም ነበር። ገብሱን ሰኔ ላይ ማውረዱን፣ በማኪና መስደዱን፣ ወንድሙም መዝራቱን ተናገረ። ሰደድክ የምትለው ገሚሱን ቢሆንስ አሉት። ያን ጊዜ ፈገግ አለ።

«የኔታ አይተዋል» አለ። «እኔን አትመኑኝ። እሳቸው ሳወርድ ቆመው ነበር፤ ወጥተውም አይተዋል።»

መምሬ ወደኔ ዞሩ። «አስካለ ልጄ፣ አይተሻል?»

አሁን እዚህ ላይ ቆም እንበል። በኔ ውስጥ ያለፈውን ሁሉ እናዘዛለሁና። አየሁ ብል፣ ገብሱ ካልሆነ ሸክላውን ምን ነቀለው የሚል ጥያቄ ይከተላል። ሠራተኛው ብልህ ሰው ነው፤ የተበጠሰውን ማንገቻ አንድ ጊዜ ቢያይ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ የኔታ የሚለኝ ማነው? ወረቀት አንብቢልን የሚለኝ ማነው? እሜት ላቀችስ ቤት ይሰጡኛል? ይህን ሁሉ አሰብኩ፤ ለማሰብም ጊዜ ነበረኝ። ድንጋጤ ነው አልልም። ቃሌን እንደ ስፌት ለክቼ፣ ቆርጬ፣ መስመሩን አስተካክዬ አወጣሁት።

«እንዲያወርድ ነግሬዋለሁ» አልኩ። «ሲያወርድ ግን አላየሁም።»

አላየሁም አልኩ። አየሁና አላየሁም አልኩ። ከአባቱ ኋላ የቆመችው ውዴ «እትዬ...» ብላ ጀመረች። ልጅ በሽማግሌ መካከል አይናገርም፤ አባቷ በተጠቀለለ እጁ ትከሻዋን ነካ አደረጋት።

አያ ካሴ ረጅም ጊዜ አየኝ። ቁጣ አልነበረበትም። የጠፋበትን ነገር እንደሚፈልግ ሰው ነበር የሚያየኝ።

«እንግዲህ የኔታ አላየሁም ካሉ፣ አላዩም ይሆናል» አለና ተቀመጠ።

ነገሩ በዚያ አለቀ። የኔ ቃል ነው የጨረሰው። መምሬ ቤቱን እንዲለቅ፣ በማጥፋቱም እሜት ላቀችን ይቅርታ እንዲጠይቅ ፈረዱ። ጉልበታቸውን ስሞ ይቅርታ ጠየቀ፣ ቤታቸውን ባዳነበት እጅ ጉልበታቸውን ይዞ። ነጋዴው ደግሞ ቤት ያቃጠለ ሰው የኔን መጋዘን ይጠብቃል ወይ ብሎ ከሥራ አወጣው። በአራዳ ሌላ ክፍል ፈለገ፤ እሳት ያስነሣው ገበሬ እሱ ነው እየተባለ በሩ ሁሉ ተዘጋበት። ሥራ የለ፤ ቤት የለ። ወደ ደጋው ከመመለስ በቀር ምን ቀረው?

ሊሄዱ ሲሉ በሬ ላይ መጡ። ውዴ ያዋስኳትን የንባብ መጽሐፍ በሁለት እጇ መለሰችልኝ። ያዥው አላልኳትም። ለምን አላልኳትም? መጽሐፉ እኔን እንዳያስታውሳት ይሆን? አላውቅም። አያ ካሴ፣ «ብትጨርሰው ሸጋ ነበር» አለ፤ «ሌላ ልጅ ያስተምሩበት።» ቦርሳውን በደህናው እጁ አንሥቶ ወጣ።

ከዚያስ? ኖርኩ። ሠራተኛው አዲስ ሽቦ ሲዘረጋ ከሥር ቆሜ ደንቡን እያነበብኩ አሠራሁት። በመውጫው ዙሪያ ጣውላው ተመታ። እሜት ላቀች ጥንቃቄዬን አመሰገኑ። የዳዊቱም ዝና ወጣ። ከእሳት የተረፈ መጽሐፍ እየተባለ ምጥ የያዛት ሴት ቤት ይወስዱት ጀመር። እኔ አውጥቼ እሰጣለሁ፤ ሲመልሱልኝ እቀበላለሁ። ለመምሬ ልናዘዝ ስል ደግሞ ሌላ ነገር ያዘኝ። እውነቱን ብነግራቸው ንጹሕ ሰው እንደፈረዱበት እነግራቸዋለሁ፤ ሽማግሌውን በእርጅናቸው ላሳዝናቸው? ይህም ማመካኛ ነው። ለሳቸው አዝኜ አልነበረም። እሳቸው ሞቱ፤ ኃጢአቴን ሳይሰሙ ፈቱኝ። እንዲህ ያለ ፍታት ምን ይፈታል?

ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ ጊዜ ቆረጥኩ። ለአያ ካሴ በአፌ ልነግረው፣ ከዚያም የሚለኝን እንዲለኝ፣ በዕቃ ማኪና ተሳፍሬ ሊማሊሞን ወረድኩ። ገበያ ቀን ወደ ዛሪማ እንደሚወርድ ሰምቼ ነበር። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን እየደጋገምኩ አጠናሁት። አጭር ነበር።

ከሩቅ አወቀኝ። «የኔታ!» ብሎ በገበያው መካከል ጮኸ። ሸምግሏል። ግራ እጁ እንደተኮማተረ ቀርቷል። አገላብጦ ሳመኝና በዙሪያው ላሉት፣ ልጄን ያስተማሩልኝ እሳቸው ናቸው አላቸው። በመካከላቸው ቆምኩ፤ አንድም የሚጠላኝ አልነበረም። ያጠናሁት ቃል የት እንደገባ አላውቅም።

ውዴ እዚያው ጌሾ ትሸጥ ነበር። አግብታለች፤ ልጅ አዝላለች። አባቷ ውኃ ላምጣልዎ ብሎ ሄደ። ያን ጊዜ ነው፣ ጌሾዋን እያስተካከለች፣ ቀና ሳትል የተናገረችኝ።

«አባቴ የኔታ አይዋሹም፤ ረስተውት ነው ይላል። እስከ ዛሬ እንዲሁ ነው የሚለው።» አንዱን እስር ጌሾ አንሥታ መልሳ አኖረችው። «እኔ መሰላሉን ይዤ ነበር። ለእርስዎም የያዝኩ እኔ ነኝ። እትዬ፣ እውነት ረስተውት ነው?»

ይኸው። በሩ ተከፍቶልኝ ነበር። የሰው ትከሻ የሚያሳልፍ፣ ያልተቸነከረ፣ ከሥሩ ምንም ያልተደረደረበት በር። አንዲት ቃል ነበረች የምትፈለገው።

«አዎ ልጄ፣ ረስቼው ነው» አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። «እንግዲያው ደህና» አለች። ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም። አያ ካሴ ውኃውን ይዞ መጣ፤ ጠጣሁ። ከዚያ የማኪናው ሰው ጠራንና ተሳፈርኩ።

የመጀመሪያውን ውሸት በፍርሃት ዋሸሁ ልትሉልኝ ትችሉ ይሆናል። ሁለተኛውንስ? ማንም አልከሰሰኝም፤ ቤት አይወሰድብኝም፤ ስሜም በዚያ ገበያ አይነሣም። አንድ ሰው ለኔ ብሎ በየዋህነቱ የሠራልኝን መደበቂያ ወስጄ ለበስኩት። አያ ካሴ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። የኔታ አይዋሹም እንዳለ ሞተ።

ዳዊቱ አሁንም አለኝ። ማኅደሩን አሳድሼ ሌላ ማንገቻ አላደረግሁለትም። ጠርዙ እንደጠቆረ ነው። አልጸልይበትም፤ ለማንም አላውሰውም። አንዳንዴ መብራት ሲመጣ አምፖሉ ድርግም ካለ ልቤ ይሰነጠቃል፤ ይህም ቅጣት ሆኖ እንዳይቆጠርልኝ። የኔ ልብ ቢደነግጥ ለውዴ ምን ይረባታል?

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ማለት የሚችለው ሞቷል፤ የምትችለውም ጌሾ እየሸጠች ትኖር ይሆናል፤ ይህንን ጽሑፍ ብታገኘው ማንበብ ትችላለች፤ እስከዚያ ድረስ አስተምሬያታለሁ። ስለዚህ የምጽፈው ለሷ ነው። ሽማግሌዎቹ ቢሞቱም፣ መምሬ ቢሞቱም፣ በዚያች ግቢ የተጠየቅሁት ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም። አስካለ ልጄ፣ አይተሻል ተብዬ ነበር።

አልረሳሁም። አያ ካሴ ገብሱን ሲያወርድ ከሥር ቆሜ ነበር። ወጥቼም ቦታውን አየሁ፤ ንጹሕ ነበር። ሸክላውን የነቀለው የኔ ዳዊት ነው፤ የሰቀልኩትም እኔ ነኝ። መሰላሉን ውዴ ይዛ ነበር። አይቻለሁ።